መጠባበቂያ የሳይክል ጎማ ለዓመታት ሳይበላሽ እንዴት ይቀመጣል?

ሱሉልታ ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ሆነ ሰበታ፣ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሳይክል ነጂ ደህና ጎማ ሲያገኝ አንድ ብቻ ገዝቶ አይመለስም። ዛሬ ያገኘው መጠን ነገ መርካቶ ላይኖር ይችላል። ቢኖርም ዋጋው ሌላ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለውም ዕድሉን ሲያገኝ ሁለት ሦስት ያስመጣል።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማው ኮርኒስ ላይ ይወረወራል፣ ካልሆነም በረንዳ ላይ ከሚስማር ይንጠለጠላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲወርድ ጎኑ በበጋ እንደደረቀ ረግረግ ተሰነጣጥቋል። "የዘንድሮ እቃ!" ብለን አምራቹን እንረግማለን። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቦታው ነው። ሽዋልቤ የተባለው የጀርመን ጎማ አምራች ጎማ ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ላይ ከተቀመጠ እስከ 5 ዓመት ያለ ችግር ይቆያል ይላል። እኔ ደግሞ በደንብ ተይዞ ከዚያም በላይ የቆየ ጎማ አይቻለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ፣ ከዚያ አቀማመጥ፣ በመጨረሻ ማሸግ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው። በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ ያሽግና ቆርቆሮ ሥር ይወረውረዋል።

ጎማን የሚበላው ምንድን ነው?

ዋናው ጠላት ኦዞን ነው። ኦዞን ሲባል ሰማይ ላይ ያለው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መሬት ላይም አለ። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለጎማ ትንሹም ይበቃዋል። ላስቲክ ዘና ብሎ ከተቀመጠ ኦዞን ብዙም አይጎዳውም። በጥቂቱም ቢሆን ከተወጠረ ግን የተወጠረበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ሚስማር ላይ የኖረ ጎማ ካላችሁ አውርዱትና ሚስማሩ የነካውን ቦታ ለጠጥ አድርጋችሁ እዩት። ሌላው ቦታ ደህና ሆኖ፣ እዚያ ጋ ብቻ ጥቃቅን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ታገኛላችሁ። የጎማው ክብደት በሙሉ ለዓመታት ያረፈው እዚያች ነጥብ ላይ ነዋ።

ፋብሪካዎቹ ይህንን ስለሚያውቁ ላስቲኩ ውስጥ ሰምና መከላከያ ኬሚካል ይቀላቅላሉ። እነዚህ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጡ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። የቆየ ጎማ ላይ የምታዩት ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነገር ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጠርጉት፤ ጋሻው ነው። ስትነዱ ጎማው ስለሚተጣጠፍ ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል። ቁጭ ብሎ ሲከርም ግን ያለችው ሽፋን ላይ ነው የሚተማመነው።

ሌላው ብርሃን ነው። እዚህ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፤ ወደ ሱሉልታና እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይበረታል። "ብርድ አገር ነው፣ ፀሐዩ አይጎዳም" የሚባለው ለቆዳም ለጎማም አይሠራም። ጥቁር ጎማ ውስጥ ያለው ካርቦን ጨረሩን በመጠኑ ይከላከላል። ጎናቸው ቡናማ የሆኑ ወይም ቀለም ያላቸው ጎማዎች ግን ቶሎ ይጎዳሉ። እንደዚያ ዓይነት ከገዛችሁ ቅድሚያ ለእነሱ ስጡ።

ሙቀትም አለ። በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የላስቲኩ እርጅና እጥፍ ይፈጥናል። ስለ ላስቲክ እቃዎች አቀማመጥ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 2230፣ ቢቻል ከ25 ዲግሪ በታች ይላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ዱባይ ወይም ጅቡቲ ቢሆን ኤር ኮንዲሽነር ይጠይቃል። እዚህ ጥላ ያለበት ክፍል ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በታች ነው። ያንን በነፃ የተሰጠ ቅዝቃዜ የሚያበላሸው ቆርቆሮው ነው።

አንደኛ፦ ቦታውን ምረጡ

ኮርኒስ በላይ አይሆንም። በቃ። በየካቲት ወይም በመጋቢት ከሰዓት በኋላ አንገታችሁን በኮርኒሱ ቀዳዳ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ሙቀቱ ፊታችሁን ይገርፋችኋል። ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። በየቀኑ እንዲህ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ጎማ አይከርምም።

በቆርቆሮ ብቻ የተሠራ ሰርቪስ ካላችሁ እሱም ያው ነው። ግድግዳው የጭቃ ወይም የብሎኬት ከሆነ ግን ጥሩ ነው፤ ጎማውን ከጣሪያው አርቃችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ይሠራል። የጭቃ ቤት እንዲያውም የቀኑን ሙቀት ቶሎ ስለማያስገባ ተመራጭ ነው። እርጥበቱን ብቻ ተጠንቀቁ።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው አልጋ ሥርን የሚያህል ቦታ የለም። ጨለማ ነው፣ አይሞቅም፣ ማንም አይነካውም። የቁም ሳጥን ታችም ይሆናል። በረንዳ ግን እርሱት። ሸራ ብትጋርዱበትም ሙቀቱና ነፋሱ ይገባል።

ቀጥሎ ዙሪያውን ቃኙ። ብየዳ ቤት አጠገብ ናችሁ? የከተማው ዳር እየተገነባ ስለሆነ በየመንደሩ የበርና የመስኮት ብየዳ አለ። የብየዳ ብልጭታ ኦዞን ይፈጥራል። በእርግጥ ከአጥር ማዶ ያለ ብየዳ ጎማችሁን በሳምንት አይጨርሰውም። ከተቻለ ግን በዚያ በኩል ያለውን ክፍል ትታችሁ ወዲያኛውን ምረጡ። እቤት ውስጥ ደግሞ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ካርቦን ያላቸው ሞተሮችን አስቡ፤ ድሪል፣ ግራይንደር የመሳሰሉትን። ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተርም ኦዞን ይለቃሉ። ሱቅ ያላችሁ ሰዎች ጎማውን ፎቶ ኮፒው ጀርባ እንዳትሸጉጡት። ፍሪጅ ሞተሩ ዝግ ስለሆነ በኦዞን አይከሰስም፤ ግን ጀርባው ይሞቃልና ራቁት።

ከዚያ ጠረን ያለውን ነገር ሁሉ ለዩ። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ አኳራጅ፣ የተከፈተ የቀለም ቆርቆሮ፣ ግራሶ። እቃ ቤት ሲባል እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ የሚታጎሩበት ነው፤ ጎማውም መጥቶ ይቀላቀላል። የነዳጅ ዘሮች ላስቲክን ያሳብጡታል፣ ያለሰልሱታል፤ ተንነው ሲደርሱበትም ይጎዱታል። ጀነሬተር ካለ ደግሞ ጎማው እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

የእርጥበት ጉዳይ ለክረምቱ ነው። ውሃ ላስቲኩን ብዙም አያስጨንቀውም። የሚጎዳው ውስጡ ያለውን ክርና ቸርኬው ውስጥ የሚቀመጠውን የጠርዙን ሽቦ ነው። ክሩ ይሻግታል፣ ሽቦው ይዝጋል። የሲሚንቶ ወለል ከሥር እርጥበት ስለሚስብ ጎማ በቀጥታ መሬት ላይ አታስቀምጡ። ሁለት ጣውላ ወይም ቁራጭ ፓሌት ይበቃል። ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ይበል።

ሁለተኛ፦ ጎማውን አዘጋጁ

አዲስ ከሆነ አትጠቡት። እንደመጣ ይቀመጥ። እንደመጣ ስል ግን እንደታጠፈ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የተነዳ ጎማ ከሆነ ጥርሱ ውስጥ የተሰካ ጠጠር፣ እሾህና ስባሪ ጠርሙስ አንድ በአንድ ይለቀም። ውስጡን በእጅ ሳይሆን በጨርቅ ዳስሱ፤ የተደበቀ እሾህ ካለ ጨርቁ ይያዛል፣ ጣታችሁም ይተርፋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃና በጥቂት ሳሙና እጠቡና ጥላ ውስጥ አድርቁ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ውሃ ጠርዙ ሥር ተደብቆ ስለሚቀር አንድ ሁለት ቀን አየር ላይ ይዋል።

በረኪና አይነካውም። ቤንዚን አይነካውም። መኪና አጣቢዎች የሚቀቡት ጎማ ማብረቂያም አይቀባም፤ ሲያብረቀርቅ የታደሰ ይመስላል እንጂ ብዙዎቹ ያንን መከላከያ ሰም ያጥቡታል።

ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማ የምትጠቀሙ ጥቂቶች፣ ውስጡ የደረቀውን ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ ልጣችሁ አውጡ። እርጥቡ ካለ በውሃ እጠቡት።

ሦስተኛ፦ ቅርጹን አስተካክላችሁ አስቀምጡ

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ አለ። ጠርዙ ሽቦ የሆነና የሚታጠፍ።

ሽቦ ያለው ክብ ሆኖ ነው መቀመጥ ያለበት። አንዳንዱ ሻጭ ለማጓጓዝ እንዲመቸው ሦስት ዙር ጠምዝዞ በገመድ ያስረዋል። እቤት እንደገባ ፍቱት። ሽቦው ለረጅም ጊዜ ተጠማዞ ከቆየ ቅርጹ ይበላሻል፤ ቸርኬ ላይ ሲገባም እየዘለለ ያስቸግራል። ቆልምማችሁ ካርቶን ውስጥ ለማስገባት አትታገሉት።

የሚታጠፈው ጠርዙ ከሽቦ ይልቅ አራሚድ ከሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ ተጣጥፎ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተወጥሮ ይገኛል። ለጥቂት ወር ችግር የለውም። ለዓመታት ከሆነ ግን ማሰሪያውን ቁረጡና ዘርጉት። የታጠፈበት ሹል ቦታ ማለት የተወጠረ ላስቲክ ማለት ነው፤ ኦዞን የሚወደውም እሱን ነው። ቦታ ከጠበባችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። እጥፋቱ ቢያንስ ጡጫ የሚያህል ክብ ይሥራ።

ለሁለቱም ቢሆን የምመርጠው ጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ በጎናቸው አስተኝቶ መደራረብ ነው። የሳይክል ጎማ ቀላል ስለሆነ አራት አምስቱ ቢደራረብ የታችኛው አይጨነቅም። ላያቸው ላይ ግን የጤፍ ጆንያ አይወጣም! ባዶ መደርደሪያ ሲያይ እቃ የሚጭን ሰው እያንዳንዱ ቤት አለ፤ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መስቀል ግድ ከሆነ ሚስማር አይሁን። የክንድ ውፍረት ያለው እንጨት ግድግዳው ላይ ምቱና በአቡጀዲ ጠቅልሉት። ጎማው ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያርፋል። በየሁለትና ሦስት ወሩ ሩብ ዙር አዙሩት። የመዳብ ሽቦ ግን ለማንጠልጠያም ለማሰሪያም እንዳትጠቀሙ፤ መዳብ የተፈጥሮ ላስቲክን እርጅና ያፋጥናል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ በየቤቱ ስላለ መጀመሪያ እጅ የሚገባው እሱ ነው። በጥጥ ገመድ ወይም በጨርቅ ቅዳጅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ።

ሳይክሉ ራሱ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ደግሞ፣ አየሩ ወጥቶ በጎማው ጎን ላይ መቆም የለበትም። ወይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ወይ በየወሩ ንፉት።

አራተኛ፦ ማሸግ

የማሸግ ዓላማው ሁለት ነው፤ ብርሃን መከልከልና የአየር ዝውውሩን መቀነስ። ወፈር ያለ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ሁለቱንም ይሠራል። ጎማው ሙሉ በሙሉ መድረቁን አረጋግጡ። ካልደረቀ ሻጋታውን ራሳችሁ አሽጋችሁ እያሳደጋችሁት ነው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ጨምሩ። ትርፉን አየር ጨመቅ አድርጋችሁ አውጡና አፉን በፕላስተር ዝጉት።

ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ማለትም እንደ ጠረጴዛ ልብስ ያለው ዘይታማና የሚሸት ዓይነት፣ ጎማ ላይ መለጠፍ የለበትም። ማለስለሻው እየወጣ ወደ ላስቲኩ ይገባል። ማዳበሪያም ብቻውን አይበቃም፤ በሽመናው መሀል ብርሃን ያሳልፋል። ከተጠቀማችሁም በውጭ በኩል ይሁን፣ ያውም የታጠበ።

በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው የድሮ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ያ በየቤቱ የሰርግ ልብስና ሰነድ የሚቀመጥበት። ይጨልማል፣ ክዳኑ ይገጥማል፣ አይጥ አይገባበትም። እርሻ አጠገብ የምትኖሩ በተለይ ከመኸር በኋላ አይጥ ወደ ቤት እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ ላስቲክ አትጠግብበትም፣ ግን ትቆረጣጥመዋለች። ችግሩ ትልቁ ጎማ ክብ ሆኖ አብዛኛው ሳጥን ውስጥ አለመግባቱ ነው። ለሚታጠፉትና ለካላማዳሪ ግን ፍጹም ነው። ለብል ብላችሁ ናፍታሊን እንዳትጨምሩ። ፍሊትም እዚያ አካባቢ አይረጭ።

ካላማዳሪውስ?

እዚህ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ጥቁሩ ካላማዳሪ በአብዛኛው ቡቲል ከሚባል ላስቲክ ስለሚሠራ ኦዞንን ከጎማው በተሻለ ይቋቋማል። ካርቶኑ ውስጥ የሚያስረውን ላስቲክ ፍቱ፤ እሱ ቀልጦ ይጣበቅበታል። አየሩን አውጡ፣ ታልክ ፓውደር ነስነስ አድርጉበት፣ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። የቫልቩን ክዳን ግጠሙና ቫልቩን በጨርቅ ሸፍኑት፤ አለበለዚያ ገላውን ይበሳዋል።

የድሮ ፊኒክስ ሳይክል ያላችሁ፣ ቫልቩ ውስጥ የምትገባው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከካላማዳሪው በፊት ትደርቃለች። ጎማው ደህና ሆኖ አየር እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በእሷ ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገዝታችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የተከፈተ ማስቲሽ ግን አታከማቹ፤ ሲፈለግ ደርቆ ነው የሚገኘው።

አምስተኛ፦ ጻፉበት

ጎማው ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ። የማርከር ቀለም ለላስቲክ አይበጅም። የገዛችሁበትን ወርና ዓመት፣ መጠኑን፣ የማን ሳይክል እንደሆነ ጽፋችሁ በጥጥ ክር እሰሩ። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ።

መጠኑን ስትጽፉ በኢንች ብቻ አትመኑ። ጎኑ ላይ 50-559 ወይም 28-622 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ሁለተኛው ቁጥር ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዝ ዲያሜትር (የክቡ ወርድ ከዳር እስከ ዳር) ነው፣ በሚሊ ሜትር። የተለመደው ማውንቴን "26" 559 ነው። 26 በ1 3/8 የሚባለው ግን 590 ነው፤ ሁለቱም "26" ሆነው አይተካኩም። "28" የሚለውም 622 ወይም 635 ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ጎማ ጠብቆ አቆይቶ በመጨረሻ አልገባ ሲል ማየት ያናድዳል።

ስትገዙም ከመጀመሪያው አስቡበት። ሱቅ በራፍ ላይ ለማሳያ የተሰቀለው ጎማ ስንት በጋ ፀሐይ እንደጠጣ እግዜር ይወቀው። "ወንድሜ፣ ከውስጥ ያለውን አውጣልኝ" በሉ። "ያው ነው እኮ!" ይላችኋል። ያው አይደለም። የተሰቀለውን ጎን በሁለት አውራ ጣት ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ስንጥቅ ካለ እዚያው ይታያል።

ስድስተኛ፦ በዓመት ሁለቴ እዩት

አንዱ መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሌላው ግንቦት ላይ ሳይገባ። የመስከረሙ ለሻጋታና ለዝገት ነው፣ የግንቦቱ ሙቀቱ ያደረሰውን ለማየት። ማሸጊያውን ፍቱት፣ ጎማውን አሽትቱት፣ ጠርዙን በጣት ዳስሱ። የዝገት እድፍ ካለ ሽቦው እርጥበት አግኝቶታል፤ ቦታ ይቀየር። ጎኑ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት ደርሶበታል። ደርቆ፣ ሲታጠፍ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ሙቀት አግኝቶታል።

ጥርሱ ላይ ያሉ ጸጉር የሚያህሉ መስመሮች ብዙ አያስፈሩም። ጎኑ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን ሌላ ነው፤ በውስጡ ክር ከታየ ያ ጎማ አበቃለት። ከእንጦጦ ወይም ከሱሉልታ ቁልቁለት እየወረዳችሁ የሚፈነዳ ጎማ ላይ የሚወራረድ ሰው የለም።

ሲወጣ

ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ከብርድ ክፍል አውጥታችሁ ወዲያው አትታገሉት። ለብ ባለ ክፍል ትንሽ ይቆይ፤ ይለሰልሳል። ከገጠማችሁት በኋላ መጀመሪያ በግማሽ አየር ንፉና ጠርዙ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን እዩ። ከዚያ ጎኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ ድረስ ቀስ ብላችሁ ሙሉና አሳድሩት። ጠዋት እብጠት ወይም የተከፈተ ስንጥቅ ከሌለ ሰፈር ውስጥ ዙሩበት፣ ተመልሳችሁ እንደገና እዩት። ሩቅ መንገድ ከዚያ በኋላ።

ፈተናውን ያላለፈውን ደግሞ ለጎማ ተራ ሰዎች ከመስጠታችሁ በፊት ከደህናው ጎኑ የመዳፍ ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡለት። ጠርዞቹን አሳሱ፣ ከኮርቻው ሥር ካለችው ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። መንገድ ላይ ጠርሙስ ጎማችሁን ቢተረትረው፣ ያንን ቁራጭ በጎማውና በካላማዳሪው መሀል ብታስገቡት እስከ ቤት ያደርሳችኋል።